ቢጫው ማገት እና የማይቸኩለው ዘሩ

ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ ለአርሶ አደሮች፣ ለንብ አናቢዎችና ለቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን እቅፍ አረም ስትገቡ አይታችሁታል። አንድ አባት «ይህንን ልታሳየን ነው የጠራኸን? እኛ ስንነቅለው ነው የምንውለው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስንዴና ሽምብራ ውስጥ ሲገኝ አረም ነው፤ እኔም እዚያው ተዉት ለማለት አልመጣሁም። የመጣሁት አረም ሆኖ እንዲያስቸግር ያደረገው ያው ጠባዩ፣ ቦታ ሲሰጠው መኖ አድርጎ እንደሚያኖረው ለመናገር ነው። ጠባዩ ያለው ደግሞ ዘሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ቅጠሉና ስለ አበባው ቶሎ ብዬ አልፋለሁ፤ ዘሩ ላይ ስደርስ ግን ትታገሡኛላችሁ።

በመጀመሪያ እንለየው። ማገትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ሲገባ ጨፌውን የሚያለብሰው፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣው ባለ ሦስት ቅጠል ነው። ሀገራችን በማገት ዓይነት ሀብታም ናት፤ በሌላው ዓለም የማይገኙ ዝርያዎችም አሏት። ይህ በእጄ ያለው ግን የማገት ዘመድ እንጂ ማገት አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ ሜዲካጎ ፖሊሞርፋ ነው። ከአልፋልፋ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ከአብሽም ጋር ይዛመዳል። ብዙ ሰው ከማገት ሳይለይ ስለሚጠራው እኔም ዛሬ ቢጫው ማገት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሦስት ነው፤ ነገር ግን የመሐለኛዋ ቅጠል ከሁለቱ እህቶቿ ረዘም ያለ እግር አላት። በእኛ ማገቶች ሦስቱም ከአንድ ነጥብ ይነሣሉ። የቅጠሉ እግር ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ጠርዙ የተተለተለ ትንሽ ጆሮ አለ። አበባው ጥቃቅንና ቢጫ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ሆኖ ይወጣል። ማገት አበባው ሲያልፍ የደረቀውን የአበባ ቅጠል ፍሬው ላይ እንደለበሰ ይቆያል። ቢጫው ማገት ግን አበባውን ያራግፍና ፍሬውን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ይጠቀልለዋል፤ በጥቅልሉ ዙሪያም ጫፋቸው የተቆለመመ እሾኾች ይደረደራሉ። ጋቢ ላይ ተለጥፎ ቤት የሚገባው በእነዚህ ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሲቀመስ የሚኮመጥጥ ሌላ ባለ ቢጫ አበባም አለ፤ እሱ ከዚህ ዘር አይደለም። ልጆች ቀምሰው ይለዩላችኋል።

አሁን ወደ አፈሩ። ጎጃም ስንል አንድ አፈር አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሸበል በረንታና ወደ እናርጅ እናውጋ የሚሄድ ሰው ጥቁር ዋልካ ይረግጣል፤ በክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ስንጥቁ እግር የሚያስገባ አፈር ነው። ወደ ሜጫ፣ ወደ ይልማና ዴንሳ፣ ወደ ሰከላና ወደ ባንጃ የሚሄድ ደግሞ ቀይ አፈር ያገኛል። ቀዩን ብዙ ዘመን ዝናብ ስላጠበው በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል።

ቢጫው ማገት የጥቁሩ አፈር ወዳጅ ነው። አልፋልፋ ሥሩ ላይ ውኃ ሲቆም ቶሎ ይበሰብሳል፤ ይህ ግን ከአልፋልፋ በተሻለ ይታገሣል። ይታገሣል ማለት ኩሬ ውስጥ ይኖራል ማለት አይደለም። ሐምሌን ሙሉ ውኃ በሚያቁር ማሳ ላይ ለስንዴ እንደምታደርጉት መደብና ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል)፣ 6 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ይመቸዋል፤ ከ5.5 በታች ሲወርድ እየከሳ ይሄዳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሟሙቶ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ሁለተኛውና ከባዱ ግን ከተክሉ ይልቅ ሥሩ ላይ የሚኖረውና ናይትሮጂን ከአየር እየያዘ የሚመግበው ባክቴሪያ አሲድን አለመውደዱ ነው። ተክሉ በቅሎ ታዩታላችሁ፤ ቢጫ ሆኖ፣ ቀጭጮ ይቀራል። ማዳበሪያ ያነሰው ይመስላችኋል። ያነሰው ባክቴሪያው ነው።

ስለዚህ ከቀዩ አፈር የመጣችሁ ሰዎች ቅር አይበላችሁ፤ ኖራ ገዝታችሁ ለቢጫው ማገት ብላችሁ በትኑ አልላችሁም። ለገብስ ወይም ለስንዴ ኖራ የነካው ማሳ ካላችሁ ዳርቻው ላይ ሞክሩት። ከዚያ ውጭ እናንተ ግብጦ አላችሁ። ግብጦ በአሲዳማ አፈር ላይ የሚቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቅጥቅ ብለው የተሰባሰቡ አጫጭር ሥሮች ያወጣና ከእነሱ ሲትሬት የሚባል ነገር እያመነጨ፣ አፈሩ የያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቀዋል። ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈን መራራነቱን ስናወጣ ኖረናል፤ አረቄም አውጥተንበታል፤ መሬት የሚያድስ መሆኑን ግን የምንናገረው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለ ግብጦ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ባክቴሪያውን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት ነገር አለ። ለባቄላ ሕያው ማዳበሪያ የወሰዳችሁ ሰዎች ያንኑ ከረጢት ለዚህ አትጠቀሙበት። የባቄላው ባክቴሪያ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከምስርና ከጓያ ጋር ነው የሚሠራው። የማገቱም የማገት ብቻ ነው። ቢጫው ማገት የሚቀበለው ወገን ከአልፋልፋና ከአብሽ ጋር የሚቀራረበውን ነው። አብሽ ጓሯቸው ውስጥ ሲዘሩ የኖሩ እናቶች ሳያውቁት ይህን ባክቴሪያ ሲያረቡ ኖረዋል ማለት ነው! ከሁሉ የሚሻለው ግን ራሱ ቢጫው ማገት ደኅና ሆኖ ከበቀለበት ቦታ፣ ከሥሩ ዙሪያ አፈር ወስዶ ከዘሩ ጋር አደባልቆ መዝራት ነው። አፈሩን ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ በጥላ ይዛችሁ በዚያው ቀን ዝሩበት። ባክቴሪያው ፀሐይና ድርቀት ይገድሉታል።

መሥራቱን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ተክሉ አበባ ሊያወጣ ሲል አንዱን በአካፋ ከነአፈሩ አንሡና በውኃ እጠቡት። ሥሩ ላይ ረዘም ያሉ፣ አንዳንዴም ጣት የመሰሉ እብጠቶች ታያላችሁ። በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ ከአየር የሚያገኘው ነገር የለም። የአውስትራሊያ ባለሙያዎች ለስሌት የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ አንድ ቶን ደረቅ መኖ ሲያፈራ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ከአየር ያስገባል ይላሉ። ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 23 ኪሎ ግራም ነው። ነገር ግን አትቸኩሉ፤ አጭዳችሁ ለላም ከሰጣችሁት አብዛኛው ከማሳው ወጥቷል። ተመልሶ የሚመጣው በፍግ ነው። ፍጉ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ከነደደ ሒሳቡ እዚያ ላይ ያበቃል።

እንግዲህ ዘሩ።

ባቄላ ብትዘሩ ብዙ ሳይቆይ ሁሉም ብቅ ይላል፤ ያልወጣው የነቀዘ ነው። ጤፍም እንዲሁ ነው። ገበሬ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲመርጥ የኖረው አብሮ የሚበቅለውን፣ አብሮ የሚደርሰውን ነውና የሰብል ዘር ታዛዥ ሆኗል። የዱር ዘር ግን ለማንም አልታዘዘም። ቢጫው ማገት አንድ ዓመት ያፈራውን ዘር በሚቀጥለው ክረምት ብትፈትሹት አብዛኛው ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሞተ አይደለም። ቅርፊቱ ውኃ አያስገባም፤ ውኃ ካልገባ ደግሞ ውስጡ ያለው ጽንስ አይነቃም። ባለሙያዎች ጠንካራ ዘር ይሉታል።

ተክሉ የመጣው ከሜዲትራኒያን ዙሪያና ከምዕራብ እስያ ነው። እዚያ አንድ ዝናብ ዘንቦ ይቋረጣል፤ የበቀለው ሁሉ ይደርቃል። ዘሩ በሙሉ በዚያ ዝናብ ቢበቅል ኖሮ ዝርያው ባንድ ክፉ ዓመት ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ጥቂቱን ይልካል፣ የቀረውን ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጥቂት ይልካል። ቁልፉን የሚከፍተው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። በበጋ የተራቆተ መሬት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መፈራረቅ የቅርፊቱ ደካማ ቦታ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። ሣርና ገለባ የሸፈነው ዘር ግን ሙቀቱ ስለማይደርሰው ዘግይቶ ነው የሚለሰልሰው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የእኛ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው።

ይህን ሳያውቅ ዘሩን ገዝቶ የሚዘራ ሰው ምን ይገጥመዋል? በሰኔ ይዘራል፤ በሐምሌ ማሳው ባዶ ነው፤ «የተበላሸ ዘር ሸጡልኝ» ይላል፤ መሬቱን ይገለብጠዋል። ዘሩ ግን እዚያው አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጤፍ ውስጥ ብቅ ሲል አረም ሆነ ብሎ ይረግመዋል።

ስለዚህ ከመዝራታችሁ በፊት ፈትሹት። 100 ፍሬ ቁጠሩና በንጹሕ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ያበጠው ውኃ የገባው ነው፤ እሱ ይበቅላል። ያላበጠው ጠንካራው ነው። ከ100 ያበጠው 10 ወይም 15 ብቻ ከሆነ ዘሩን ማሸት ያስፈልጋል። የአናጢ ሸካራ ወረቀት በሁለት እንጨት ላይ ለጥፋችሁ በመካከላቸው አሹት፤ ወይም ከሻካራ አሸዋ ጋር በሙቀጫ ውስጥ ቀለል አድርጋችሁ አሹት። ቀለል አድርጋችሁ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ እንደ ቡና ከወቀጣችሁት ዱቄት ይሆናል። የቅርፊቱ ማብለጭለጭ ሲደበዝዝ አቁሙና እንደገና 100 ፍሬ ዘፍዝፉ። የፈላ ውኃ የሚያፈሱበትም አሉ። እኔ ለዚህ ዘር አልመክርም፤ ከቅርፊቱ ጋር ጽንሱንም መቀቀል ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነሱ ዘሩ በሙሉ ታሽቶ፣ በሙሉ እንዲበቅል ይፈልጋሉ። የማሳያ ማሳ ለጎብኚ ሲታይ ያምራልና። እኔ ግን ግማሹን አሹና ግማሹን እንዳለ ተዉት ነው የምለው። የታሸው ዘንድሮ ይበቅልላችኋል፤ ያልታሸው መሬት ውስጥ ይቀመጥላችኋል። ዝናቡ በሰኔ ጀምሮ ቢቋረጥ ሁሉንም አታጡም። ይህን ተክል በየዓመቱ እንደሚዘራ ሰብል ካያችሁት ሁልጊዜ ዘር ገዢ ትሆናላችሁ፤ አንድ ጊዜ ዘርታችሁ መሬቱ ውስጥ ያለውን የዘር ክምችት ከጠበቃችሁ ግን ራሱን ያበቅላል። የእናንተ ሥራ ክምችቱን መጠበቅ ነው።

አዘራሩ ከጤፍ ጋር ይቀራረባል፤ መሬቱን አልስልሳችሁ፣ ለጤፍ እንደምታደርጉት በከብት ረግጣችሁ ጠበቅ ካደረጋችሁ በኋላ በትኑት። ለአንድ ጥማድ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም የተፈለፈለ ዘር ይበቃል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አፈር አታልብሱት፤ በቅርንጫፍ መጎተት ይበቃዋል። ዝናቡ ሲረጋ፣ በሰኔ አጋማሽ አካባቢ ጥሩ ነው። ጥቁሩ አፈር ፎስፈረስ ስለሚያንሰው ጥቂት ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ይመልሳል፤ ዩሪያ ግን አትስጡት። ናይትሮጂን ከጠገበ ከባክቴሪያው ጋር አይሠራም፣ ሣሩም ይበልጠዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ከባዱ ነገር ምንም አለማድረግ ነው። አበባውን ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ፍሬው ጠቁሮ መሬት ላይ እስኪወድቅ ከብት አይግባበት። መስከረም ላይ አረንጓዴ ሆኖ ስታዩት እጃችሁን ይበላችኋል፤ ላሟም ትጮኻለች። ያን ጊዜ ከታጨደ ክምችት የለም፤ ክምችት ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት የለም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን አበባ እስኪያወጣ ድረስ ልታስግጡት ወይም ልታጭዱት ትችላላችሁ፤ መሬት ላይ የሚተኛ ስለሆነ ተግጦም ይተካል።

የአውስትራሊያን ስም መጥራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ተክሎች ወደዚያ የገቡት ማንም ሳይጠራቸው ነው። በደቡብ አውስትራሊያ፣ ማውንት ባርከር አጠገብ፣ ኤሞስ ሃዋርድ የሚባል ሰው በ1889 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሬውን መሬት ውስጥ የሚቀብር አንድ የማገት ዓይነት አየ። ማንም የማይቆጥረው የመንገድ ዳር ተክል ነበር። እሱ ግን ለዓመታት ጥቅሙን እየጻፈ፣ ዘሩን እየሸጠ ሰዎችን ወተወተ። በኋላ ያ ተክል በደቡቡ አውስትራሊያ የግጦሽ መሬት መሠረት ሆነ። ደረቅና ጥቁር ወይም ኖራማ አፈር ባለበት ደግሞ የቢጫው ማገት ወገኖች ቦታውን ያዙ፤ አንድ ዓመት ስንዴ፣ አንድ ዓመት ግጦሽ እየተፈራረቀ፣ በጎቹም ስንዴውም ከአንድ ማሳ ኖሩ።

ከዚያ ስኬታቸውን ወደ ሰሜን አፍሪካና ወደ ምዕራብ እስያ ሊያሻግሩ ሞከሩ። ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ዮርዳኖስ፣ ኢራቅ፤ የተክሉ የትውልድ ሀገር አካባቢ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፤ የቀረው ግን ጥቂት ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ከስኬቱ ይልቅ ይህ ውድቀት ይመስለኛል። በብዙ ቦታ መሬቱ በጥልቅ ማረሻ ተገለበጠ፤ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በታች የተቀበረ ዘር ደግሞ ቢነቃም መውጣት አይችልም። የመሬቱ ባለቤት ሌላ፣ የበጉ ባለቤት ሌላ ነበር፤ ስለዚህ አበባ ላይ እያለ ተጋጠ። ዘሩም ከአውስትራሊያ የመጣ እንጂ የየአካባቢውን ብርድ የሚያውቅ አልነበረም።

ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎጃም ውስጥም አሉ። ማረሻችን ጥልቅ ባይሆንም ጤፍ ተደጋጋሚ እርሻ ይፈልጋል፤ ዘሩ እየነቃ፣ እየተገለበጠ ያልቃል። ስለዚህ ጤፍ ማሳ ውስጥ አታስገቡት። አዝመራ ሲነሣ ልቅ ግጦሽ ነው፤ የጎረቤት ከብት ድንበር አያውቅም። የወል ግጦሹም የሁሉ ነው ማለት ማንም አይጠብቀውም ማለት ሆኗል።

ታዲያ የት እንዝራው? ጦም አዳሪ መሬት ያለው ሰው እዚያ ይጀምር። የሌለው ደግሞ እርከኑን ይይ። ደምበጫ አጠገብ ያለው የአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1976 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ያለ ነው፤ ከእሱ ወዲህ በየወረዳው ስንት እርከን ተሠራ! ገበሬው ደግሞ «መሬቴን ወሰደብኝ፣ አይጥ ማርቢያ ሆነ» ይላል። እርከን ጫፍ ላይ ቢጫው ማገትን ከሣር ጋር አደባልቃችሁ ዝሩበት። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፤ ማገቱ ሣሩን ይመግባል። እርከን በየዓመቱ ስለማይታረስ ለዘሩ ክምችት ከማሳ ይሻላል፤ ታጭዶ የሚወሰድ ስለሆነም ከልቅ ግጦሽ ማስጠበቁ ይቀላል። በጌሾውና በፍራፍሬው ሥርም ይሆናል።

ስለ እሾኹ የምትፈሩ ትኖራላችሁ። አውስትራሊያውያን ፍሬውን የሚጠሉት ከሱፍ ጋር ተጣብቆ ዋጋውን ስለሚጥልባቸው ነው፤ እሾኽ የሌላቸውን ዓይነቶች የመረጡትም ለዚህ ነው። የእኛ ዋሸራ በግ ግን ጸጉሩ አጭርና ለስላሳ ነው፤ የምንሸጠውም ሥጋውን እንጂ ሱፉን አይደለም። የእነሱ ራስ ምታት እዚህ የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም በበጋ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ በጎች ለቅመው ይበሉታል፤ በገለባ ወቅት ፕሮቲን ያለው መኖ ነው። ከሚበሉት ውስጥ ጥቂቱ ዘር ሳይፈጭ በበጠጣቸው ይወጣና ሌላ ቦታ ይበቅላል። አንድ ነገር ብቻ፤ መሬቱን እስኪጠርጉት አትተዋቸው።

አሁን የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ቢጫው ማገትም ሆነ አልፋልፋ ወይም ማገት ለብቻው፣ ለምለም ሆኖ፣ ለራበው ከብት ሲሰጥ ሆድ ይነፋል። በጨጓራው ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ አረፋ ይሆንና ማግሳት ይከለክለዋል። የግራ ጎኑ ይወጠራል፤ ካልተረዳ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ጠዋት ጤዛ እያለ አታስገቡ። አስቀድማችሁ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አብሉ። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ፣ ቀስ በቀስ ረዘም አድርጉት። ከሣር ጋር መደባለቁ ለዚህም ይጠቅማል። ከተነፋ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ እስኪመጣ የኑግ ወይም የሌላ ምግብ ዘይት በአፉ መስጠት አረፋውን ይሰብራል፤ አንገቱን ከመጠን በላይ ቀና አድርጋችሁ ግን አታጠጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ከወገኖቹ አንዱን ደግሞ ለይታችሁ እወቁ። ቁመቱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ቢጫ አበባው በረጅሙ የሚደረደር፣ ሲደርቅ ደስ የሚል ሽታ ያለው ሜሊሎተስ የሚባል አለ። ለንብ ከእሱ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ነገር ግን ድርቆሹ እርጥብ ሆኖ ተከምሮ ከሻገተ መርዝ ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በአሜሪካና በካናዳ ሜዳዎች ላሞች ከትንሽ ቁስል ደም እየፈሰሳቸው ማለቅ ጀመሩ። በ1933 የብርድ ወራት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የማይረጋ ደም በወተት ጣሳ ይዞ፣ በበረዶ ውስጥ ነድቶ፣ ካርል ሊንክ ወደሚባል ኬሚስት ቤተ ሙከራ ሄደ። ሊንክና ባልደረቦቹ ከዓመታት ሥራ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር አገኙት። ከእሱ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ ቆይቶ ደግሞ ለልብና ለደም ሥር ሕሙማን መድኃኒት ሆነ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው፤ የሻገተ ድርቆሽ፣ የየትኛውም ተክል ይሁን፣ ለላም አትስጡ።

ለንብ አናቢዎች፦ ቢጫው ማገት ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ለዘሩ ንብ አይፈልግም። ንብ ግን ትጎበኘዋለች። እንደ አደይ አበባና እንደ መጭ ማር የሚያትረፈርፍ አይደለም፤ ቀፎ አጠገብ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ለእሱ ብላችሁ ቀፎ አትጨምሩ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላክል።

አንዲት እናት ከከተማው ዳር አንዲት የወተት ላም እንዳላቸው ነግረውኝ፣ «ልጄ፣ እኔ መሬት የለኝም፤ የአጥር ሥር ብቻ ነው ያለኝ። ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። እማማ፣ የአጥር ሥር ካለዎት ዝናብ ሲገባ ይዝሩት፤ አበባ ሲያወጣ ግማሹን አጭደው ከገለባ ጋር ለላምዎ ይስጡ፤ ግማሹን ለዘር ይተዉ። ከእርሻ መኖ ጋር የሚፎካከር አይሆንም፤ ነገር ግን ገለባ ብቻ የምትበላ ላም ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ናይትሮጂን ስለሚያንሳቸው ገለባውን ራሱ በቅጡ አይፈጩትም። አንድ እቅፍ ለምለም ማገት ቢጨመርላት ገለባውንም ይበልጥ ትጠቀምበታለች።

አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ደግሞ ዘሩ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀ። አዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም በዘር ባንኩ የብዙ ዓይነት የመኖ ተክሎች ናሙና አለው፤ ለምርምር ሲጠየቅም ይሰጣል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከልም አለላችሁ። ይሁን እንጂ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው እዚሁ ነው። በታኅሣሥና በጥር፣ ፍሬው ደርቆ መሬት ላይ ሲተኛ፣ ከመንገድ ዳርና ከማሳ ድንበር በመጥረጊያ ሰብስቡት። በብቸና ከፍታ ያደገው ለብቸና፣ ከጮቄ ወገብ ላይ የተገኘው ለዚያው ይሁን፤ ብርዱንና የዝናቡን ጊዜ የለመደ ነውና። አፈሩን አበጥራችሁ፣ እሾኻሙን ፍሬ በጆንያ አድርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ላይ ላዩ የየትኛው ቀበሌና የየትኛው ማሳ እንደሆነ ይጻፍበት። ከእያንዳንዱ ቦታ የተፈለፈለ 100 ፍሬ ዘር ቆጥራችሁ ዘፍዝፉና ስንቱ እንዳበጠ ከስሙ ጎን መዝግቡት።